እሳቱ ባለቤት የለውም

«የእሳት አደጋ መከላከያ የትላልቅ ከተሞች ጉዳይ ነው፤ ለወረዳ ከተማና ለገጠር ኡኡታና የሰው ጉልበት ይበቃል» የሚል አስተያየት በየመሥሪያ ቤቱና በየስብሰባው ሲነገር እንሰማለን። ይህን የሚሉት ሰዎች ለሕዝብ ጉዳት ደንታ የሌላቸው አይደሉም። እንዲያውም ብዙዎቹ የበጀትን ጥበት በየዓመቱ በእጃቸው እየዳሰሱ ከአንዱ ቀዳዳ ነቅለው በሌላው የሚደፍኑ ታታሪ የመንግሥት ሠራተኞች ናቸው። ዳሩ ግን የሰዎቹ ደግነት አስተያየቱን እውነት አያደርገውም። እኛ አስተያየቱ ስሕተት ብቻ ሳይሆን ጎጂም ነው እንላለን። ስለምን ጎጂ እንደሆነ ለማሳየትም ባሕር መሻገር ሳያስፈልገን የደቡብ ወሎን ምዕራባዊ ደጋ እንመልከት።

መካነ ሰላም የቦረና ወረዳ ከተማ ናት። ከደሴ የምትርቀው 180 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን፣ መንገዱም በለጋምቦ ደጋ፣ በአቀስታ በኩል የሚያልፍ የብርድና የጉም መንገድ ነው። በስተምዕራብ ደግሞ የዓባይ ሸለቆ አለ። በዙሪያዋ ወግዲ፣ ከለላ፣ ለጋምቦና የሳይንት ወረዳዎች ይገኛሉ። በዚህ አገር ያለው ቤት ምን ዓይነት እንደሆነ ለአንባቢ መንገር አያሻም፤ በባሕር ዛፍ ቆሞ በጭቃ የተመረገ፣ ክዳኑ ቆርቆሮ ወይም ሣር የሆነ፣ በከተማው ውስጥም አንዱ በሌላው ላይ ተደግፎ የቆመ ነው። በገበያ ሠፈር ጨርቁ፣ ጋዙ፣ ፕላስቲኩና እህሉ በአንድ ጣራ ሥር ያድራል። እንግዲህ አንድ ሌሊት በእንዲህ ያለ ሠፈር እሳት ቢነሣና የሚያጠፋው መኪና ከደሴ የሚጠበቅ ቢሆን፣ መኪናው በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር ቢጓዝ እንኳ የሚደርሰው ከሦስት ሰዓት ተኩል በኋላ ነው። የሣር ክዳን ግን አንድ ጊዜ ከተያያዘ የመጀመሪያው ቡና እስኪፈላ እንኳ አይቆይም። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይኸው ነው። ደግሞም መንገድ ሁልጊዜ ክፍት አይደለም፤ በ2014 ዓ.ም. ጥቅምት መጨረሻ ደሴ በጦርነት በተያዘች ጊዜ በእሷ ላይ የተመኩት ወረዳዎች ሁሉ ምን ላይ እንደ ወደቁ የአገሩ ሰው አይዘነጋውም።

ስለ ስልክም አንድ ነገር እንበል። በአዲስ አበባ የሚኖር ሰው እሳት ሲያይ 939 ይደውላል። ቁጥሩን ሕፃናት በትምህርት ቤት ይማሩታል። ነገር ግን ይህ የአዲስ አበባ ቁጥር ነው። የመካነ ሰላም ተማሪ ይህን ቁጥር ከመጽሐፍ ቢያጠናው በራሱ ጓሮ ለተነሣ እሳት ምን ይጠቅመዋል? እኛ የምንጠይቀው ቁጥሩን አይደለም፤ ስልኩ በሚጮኽበት ክፍል ውስጥ ደመወዝ እየተከፈለው ነቅቶ የሚያድር ሰው አለ ወይ ነው።

እዚህ ላይ አንባቢ እንዳይሳሳት አንድ ነገር ለይተን እናስቀምጥ። በዚህ ወይም በዚያ ወረዳ ግቢ ውስጥ ቀይ መኪና ቆሟል ወይስ አልቆመም የሚለው የእኛ ክርክር አይደለም። መኪና ሊኖር ይችላል፣ ላይኖርም ይችላል፤ ዛሬ ባይኖር ነገ አንድ በጎ አድራጊ ይሰጠዋል። ክርክራችን ስለ ባለቤትነት ነው። እሳትን የማጥፋትና ሰውን ከአደጋ የማውጣት ግዴታ በወረዳ ደረጃ በሕግ የማን ነው? ገንዘቡስ ከየትኛው ቋት ይወጣል? ጠቡ ሁሉ ያለው በእነዚህ በሁለቱ ጥያቄዎች ላይ ነው።

በሕግ በኩል ብንጀምር፣ በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 89 ንዑስ አንቀጽ 3 መንግሥት የተፈጥሮም ሆነ ሰው ሠራሽ አደጋ እንዳይደርስ የመከላከል፣ በደረሰም ጊዜ ለተጎጂው በወቅቱ እንዲረዳ የማድረግ ኀላፊነት እንዳለበት ይደነግጋል። ይህ ግልጽ ነው። ነገር ግን «መንግሥት» የሚለው ቃል ከፌዴራል ጀምሮ እስከ ቀበሌ የሚደርስ ረጅም ቃል ነው። ግዴታውም ከላይ ወደ ታች ሲንከባለል፣ በየደረጃው አንዱ ለሌላው እያሳለፈው፣ በመጨረሻ የሚያርፈው በማዘጋጃ ቤት ደጃፍ ነው።

ማዘጋጃ ቤት በአገራችን አዲስ ነገር አይደለም። በ1937 ዓ.ም. የወጣው የማዘጋጃ ቤቶች አዋጅ አዲስ አበባንና ጎንደርን በከፍተኛው ደረጃ፣ ሌሎቹን ከተሞች በዝቅተኛው ደረጃ መድቦ ለከተማ አስተዳደር ሕጋዊ መልክ ሰጥቶት ነበር። በኋላ ዘመን ክልሎች የከተማ አዋጆችን ሲያወጡ የከተማን ሥራ በሁለት ከፈሉት። ትምህርትና ጤና የመሳሰሉት «የመንግሥት አገልግሎት» ተብለው ከክልሉ በሚመጣ ድጎማ እንዲሸፈኑ ተደረገ። ቆሻሻ ማንሣት፣ ቄራ፣ የመንገድ መብራት፣ የመቃብር ቦታ፣ የእሳት አደጋ መከላከልና የመሳሰሉት ግን «የማዘጋጃ ቤት አገልግሎት» ተብለው ከተማው ራሱ በሚሰበስበው ገቢ እንዲሠሩ ተተዉ። ይህ አከፋፈል በወረቀት ላይ ሲያዩት ያምራል። የከተማው ነዋሪ ለከተማው አገልግሎት ይክፈል ማለት ፍትሐዊ ይመስላልና።

አሁን ወደ ሥራው እንግባ። የአንዲት የደጋ ወረዳ ከተማ ገቢ ምንድን ነው? የቦታ ኪራይ ነው፤ የሊዝ ገንዘብ ነው፤ የገበያ መደብና የሱቅ ኪራይ ነው፤ የቄራና የአገልግሎት ክፍያ ነው። ከዚህ ገቢ ላይ የጽሕፈት ቤቱ ሠራተኞች ደመወዝ ይወጣል፤ ጎርፍ የበላው የውስጥ ለውስጥ መንገድ ይጠገናል፤ ቦይ ይቆፈራል፤ ቆሻሻ ይነሣል። ከተረፈ እሳት ይታሰባል። አይተርፍም እንጂ! ቆሻሻው በየቀኑ ይሸታል፤ መንገዱ በየቀኑ ያንገጫግጫል፤ ነጋዴው በየቀኑ መጥቶ ይጮኻል። ገና ያልተቃጠለ ቤት ግን አይጮኽም። ስለዚህ በየዓመቱ በጀት ሲደለደል የሚሸነፈው ዝም ያለው ነው። በዚህም ላይ አንድ እንግዳ ነገር ይታያል። የትልቁ ከተማ ገቢ ሰፊ ስለ ሆነ የእሳት አደጋ መከላከያው ይጠነክራል፤ የትንሹ ከተማ ገቢ ጠባብ ስለ ሆነ ባዶ እጁን ይቀራል። ነገር ግን እሳት የከተማን ገቢ አይቶ አይነሣም፤ የደሀው ሠፈር ሣር ክዳን ከባለጸጋው የድንጋይ ፎቅ ይልቅ ፈጥኖ ይነዳልና።

«በወረዳው የአደጋ መከላከል ጽሕፈት ቤት አለ፤ ስለምን እሱ አይሠራውም?» የሚል ይኖራል። ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሱም በራሷ በወሎ ታሪክ ውስጥ ይገኛል።

የዕርዳታ ማስተባበሪያና ማቋቋሚያ ኮሚሽን በ1966 ዓ.ም. የተቋቋመው የወሎ ረኀብ አገሪቱን ካናወጠ በኋላ ነበር። በ1977ቱ ረኀብም እህሉን ያጓጓዘው፣ መጠለያውን የተከለው እሱ ነበር። በ1987 ዓ.ም. ስሙ የአደጋ መከላከልና ዝግጁነት ኮሚሽን ተባለ፤ ከዚያም ወዲህ እንደ ገና ስሙና አደረጃጀቱ እየተለዋወጠ መጥቶ ዛሬ በፌዴራል ደረጃ የኢትዮጵያ አደጋ ስጋት ሥራ አመራር ኮሚሽን ይባላል። በአማራ ክልል ደግሞ የክልሉ ኮሚሽን አደጋ መከላከልን ከምግብ ዋስትና ጋር አጣምሮ የያዘ ሆኖ ኖሯል። ይህን ሥራ የሚንቅ ወሎዬ አይኖርም፤ እኛም አንንቅም። ሆኖም ሥራው አንድ ልማድ አትርፎልናል፤ በመሥሪያ ቤቶቻችን ቋንቋ «አደጋ» ማለት ድርቅ ማለት ሆኗል። ድርቅ በወራት ይመጣል፤ እሳት በደቂቃ ይመጣል። ለድርቅ መጋዘን፣ የተረጂዎች ስም ዝርዝርና በኩንታል የሚቆጠር ስንዴ ያስፈልጋል። ለእሳት ውኃ፣ ቱቦ፣ መሰላልና ሌሊት የማይተኛ ሰው ያስፈልጋል። ለአንደኛው የተደራጀ ጽሕፈት ቤት በዚያው ሰው ኀይልና በዚያው በጀት ሁለተኛውን ይሠራል ማለት፣ ጎተራ ጠባቂውን ዋናተኛ ሁን እንደ ማለት ነው። በ2005 ዓ.ም. የጸደቀው የአደጋ ስጋት ሥራ አመራር ፖሊሲ ዓይኑን ከድርቅ አንሥቶ ወደ ልዩ ልዩ አደጋዎች ሁሉ መልሷል፤ ኀላፊነቱም በየመሥሪያ ቤቱ እንዲከፋፈል አድርጓል። በፖሊሲው ላይ ጠብ የለንም። ጠባችን ፖሊሲው ወረዳ ሲደርስ ገንዘብ ይዞ ባለመድረሱ ላይ ነው። ውጤቱም ይህ ነው፤ ማዘጋጃ ቤቱ ግዴታ አለው፣ ገንዘብ የለውም፤ የአደጋ መከላከሉ ጽሕፈት ቤት ስም አለው፣ ሥራው ሌላ ነው፤ ፖሊስም ጠመንጃ ይዞ እሳት ያጠፋል።

ከከተማው ወጥተን ወደ ገጠር ቀበሌ ስንሄድ ማዘጋጃ ቤት የሚባለውም የለም። በኅዳርና በታኅሣሥ ገብሱና ስንዴው ታጭዶ ሲከመር የዓመቱ ቀለብ፣ የግብሩና የማዳበሪያው ዕዳ መክፈያ በአንድ ክምር ላይ ይቆማል። ያ ክምር ቢቃጠል ገበሬው የሚያመለክትበት ጽሕፈት ቤት የትኛው ነው? ያን ጊዜ ከስንዴ ዕርዳታ ሰልፍ ውስጥ ይገባል። ለሦስት ባልዲ ውኃና ለአንድ የእጅ ፓምፕ ያልተገኘው ገንዘብ በኩንታል ሆኖ ይወጣል ማለት ነው።

ከመካነ ሰላም ብዙም ሳይርቅ ደግሞ ደንቆሮ ጫካ አለ። በ2001 ዓ.ም. ብሔራዊ ፓርክ ተብሎ ዛሬ የቦረና ሳይንት ወረሂመኖ ብሔራዊ ፓርክ የሚባለው ይህ ቦታ ቀይ ቀበሮና ጭላዳ፣ ጓሳና አስታ፣ ጅብራም የሚገኝበት ውርጫማ ደጋ ነው። ከጫካው የሚወርዱት ጅረቶች ከታች ያለውን ገበሬ ያጠጣሉ። አስታ በበጋ ሲደርቅ ገና እርጥብ መስሎ ሳለ እንደ ጧፍ የሚነድ ተክል መሆኑን በደጋ ያደገ ሁሉ ያውቃል። የዚህ ጫካ እሳት የማን ነው? የፓርኩ ጥበቃ ሠራተኞች ጥቂት ናቸው፤ ሥራቸውም አደንንና ሕገ ወጥ ግጦሽን መቆጣጠር ነው። የጫካው ስም ከየት እንደ መጣ የአገሩ ሰው ብዙ ይተርካል፤ እኛ ግን ለዚህ ጥያቄ መልስ ስንፈልግ ደንቆሮው ጫካው ብቻ እንዳልሆነ ተረድተናል።

እንዲህ ያለ ጫካ ሲቃጠል ምን እንደሚሆን በዚሁ በአማራ ክልል አይተናል። በ2011 ዓ.ም. ከመጋቢት እስከ ሚያዝያ የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ነደደ። ተማሪው፣ ገበሬው፣ የመንግሥት ሠራተኛው ቅጠል ይዞ ገደል ለገደል ሮጠ። እሳቱ ግን በእግር የማይደረስበት ገደል ውስጥ ስለ ገባ ሄሊኮፕተር ከኬንያ፣ የእሳት አጥፊዎች ቡድን ከእስራኤል እስኪመጣ ተጠበቀ። ከዚያም በፊት በ1992 ዓ.ም. በባሌና በቦረና (የኦሮሚያውን ቦረና ማለታችን ነው) ከ100,000 ሄክታር በላይ ደን ሲቃጠል ከደቡብ አፍሪካና ከሌሎችም አገሮች ባለሙያዎች መጥተው ነበር። የጎረቤትን ዕርዳታ መቀበል አያሳፍርም። ነገር ግን በሁለቱ እሳቶች መካከል 19 ዓመት አለፈ። በ19 ዓመት ውስጥ በየደጋው ፓርክ ዙሪያ እሳት ሲነሣ በመጀመሪያው ሰዓት የሚያፍን፣ የሠለጠነና አካፋ፣ መጥረቢያና የጀርባ ውኃ መርጫ የታጠቀ የአካባቢ ጓድ ቢቋቋም ኖሮ፣ ወጪው ከአንድ ሄሊኮፕተር የጥቂት ቀን ኪራይ ይበልጥ ነበርን?

የምንናገረው ስለ እሳት ብቻ አይደለም። በሌላው ዓለም የእሳት አደጋ መከላከያና የነፍስ ማዳን ሥራ አንድ ቤት ናቸው፤ ገደል የገባ መኪና፣ ጉድጓድ የወደቀ ሕፃን፣ የተናደ መሬት ሁሉ የዚያው ቤት ሥራ ነው። ሐምሌ 15 ቀን 2016 ዓ.ም. በጎፋ ዞን በገዜ ጎፋ ወረዳ በኬንቾ ሻቻ ጎዝዲ ቀበሌ የደረሰውን እናስታውስ። በመጀመሪያው ናዳ የተቀበሩትን ለማውጣት ጎረቤቱ ሁሉ ተጠራርቶ በእጁና በዶማ ሲቆፍር ሁለተኛው ናዳ መጥቶ አዳኞቹን ቀበረ። ከ200 በላይ ሰዎች ሞቱ። እነዚያ አዳኞች ድፍረትና ርኅራኄ አልጎደላቸውም፤ ይልቁንም የሞቱት በርኅራኄያቸው ነው። የጎደለው «ቁሙ፤ ከላይ ያለው መሬት ገና አልረጋም» ብሎ የሚያስቆም፣ ይህን ለማለት የተማረና ሥልጣን ያለው አንድ ሰው ነበር። ከዓባይ ሸለቆ አፋፍ የሚኖር፣ ክረምት በመጣ ቁጥር ተዳፋቱን በሥጋት የሚያይ የቦረና፣ የወግዲና የሳይንት ሰው ይህን ነገር እንደ ሩቅ ወሬ ሊሰማው አይችልም። ስለዚህ «የሰው ጉልበት ይበቃል» የሚለው አስተያየት ጎጂ ነው ያልነው እዚህ ላይ ነው። ያልሠለጠነ ጉልበት እሳቱን ከማጥፋቱ በፊት ራሱ ይጠፋል።

ይህን ስንል የሕዝቡን መረዳዳት ዝቅ ማድረጋችን አይደለም። ወሎ ቅሬ ያለው አገር ነው። ቅሬ ሙስሊሙንና ክርስቲያኑን በሐዘን ጊዜ ያገናኛል፤ የቀረ ይቀጣል፤ ዳኛው ይከበራል፤ ጥሪው ሲሰማ ሰው ማረሻውን ትቶ ይመጣል። ከዚህ የበለጠ የተደራጀ፣ በየጎጡ የሚገኝ፣ በአንድ ጥሪ መቶ ሰው የሚያቆም ድርጅት በየትኛው በጀት ይገዛል? የእሳት አደጋ መከላከያ በዚያ አገር የሚቋቋም ከሆነ መሠረቱ ቅሬ መሆን አለበት ብለን እናምናለን። ነገር ግን ቅሬ በተለምዶ ያለው ዕቃ ምንድን ነው? ድንኳንና ድስት ነው፤ የሚያውቀውም ሥራ መቅበርና ማስተዛዘን ነው። አባሉ እሳት ሲያጠፋ ቢቃጠል የሚያሳክመው ማን ነው? ቤተሰቡንስ ማን ያኖራል? በጎ ፈቃድ ነጻ ነው፤ የበጎ ፈቃደኛው ጓንት፣ መሰላል፣ ሥልጠናና ሕክምና ግን ነጻ አይደለም።

በዚህ ረገድ የቺሊ ሰዎች ያደረጉት የሚጠቀስ ነው። በቫልፓራይሶ ከተማ እ.ኤ.አ. በ1851 የመጀመሪያው የበጎ ፈቃደኞች የእሳት አጥፊ ጓድ ተቋቋመ። እስከ ዛሬም የአገሪቱ እሳት አጥፊዎች ያለ ደመወዝ ይሠራሉ፤ ሐኪሙም አናጢውም ጥሪ ሲሰማ ሥራውን ትቶ ይሄዳል። መንግሥት ግን «በጎ ፈቃደኞች ናቸውና ይቻሉት» ብሎ አልተዋቸውም፤ ለመኪናና ለመሣሪያ ከአገሪቱ በጀት ገንዘብ ይመድብላቸዋል። ሕዝቡ ጉልበቱን፣ መንግሥቱ መሣሪያውን ያወጣል ማለት ነው።

ሎንዶንም እንዲሁ በአንድ ቀን ዛሬ ያለውን አላገኘም። ለብዙ ዘመን እሳት አጥፊዎቹ የመድን ኩባንያዎች ቅጥረኞች ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1861 በቱሊ ስትሪት መጋዘኖቹ ሲነዱ የእሳት አጥፊዎቹ አለቃ ጄምስ ብሬድዉድ ግድግዳ ተንዶበት ሞተ፤ ኩባንያዎቹም ከዚያ በኋላ ይህ ሸክም ከአቅማችን በላይ ነው አሉ። ከአራት ዓመት በኋላ ሕግ ወጣና የእሳት አጥፊው ጓድ የሕዝብ ሆነ። ወጪውም ለሦስት ተከፈለ፤ አንዱን እጅ የከተማው ግብር ከፋይ፣ አንዱን የመንግሥት ግምጃ ቤት፣ አንዱን የመድን ኩባንያዎች እንዲከፍሉ ተደረገ። ይህን የምንጠቅሰው እንግሊዝን ለማድነቅ ሳይሆን አከፋፈሉ ጥሩ ስለሆነ ነው።

አሁን ደግሞ «ገንዘብ የለም» ወደሚለው መልስ እንምጣ። ይህ መልስ በአገራችን ሁልጊዜ እውነት ስለሆነ ምንም ነገር አያስረዳም። ገንዘብ ባልነበረበት ጊዜ ሌሎች ነገሮች እንዴት ተሠሩ? በ1989 ዓ.ም. የመንገድ ፈንድ ሲቋቋም ለመንገድ ጥገና ከነዳጅ ላይ ቀረጥ ተነሣለት፤ መንገድ ከሌሎች ጉዳዮች ጋር እየተሻማ ከሚጠገን የራሱ ቋት ይኑረው ተባለ። በ2005 ዓ.ም. የወጣው የተሽከርካሪ የሦስተኛ ወገን መድን አዋጅ መኪና የገጨው ሰው አስቸኳይ ሕክምና እንዲያገኝ፣ ገጪው ላልታወቀበትም ካሣ እንዲከፈል ከመድን ዓረቦን ላይ ድርሻ ተቆርጦ የሚገባበት ፈንድ አለው። እንግዲህ ለመኪና አደጋ ከዓረቦን የሚቆረጥ ከሆነ ለእሳት አደጋስ ከእሳት መድን ዓረቦን ጥቂት ቢቆረጥ ምን ያስደንቃል? በመካነ ሰላም ቤቱን መድን ያስገባ ሰው ጥቂት መሆኑን እናውቃለን። በአዲስ አበባና በኮምቦልቻ ያለው ፋብሪካ፣ መጋዘንና ሕንጻ ግን መድን አለው፤ ከዚያ የሚቆረጠውም ወደ ክልሎች ቢከፋፈል ባለጸጋው ከተማ ደሀውን ወረዳ አገዘ ማለት ነው። መድን ድርጅቶች ያጉረመርማሉ፤ ያጉረምርሙ። ጥቅምት 11 ቀን 2017 ዓ.ም. በመርካቶ ሸማ ተራ የደረሰው ቃጠሎ፣ መኪናና ውኃ ባለበት ከተማ እንኳ የመተላለፊያው ጥበት ምን ያህል ንብረት እንደሚያስበላ አሳይቷቸዋል።

ለነዋሪው መዋጮም ምሳሌው እዚያው ደቡብ ወሎ ውስጥ ነው። የማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን በ2003 ዓ.ም. በጥቂት ወረዳዎች ሲሞከር አንዷ ተሁለደሬ ነበረች። ገበሬው በዓመት አንድ ጊዜ በቤተሰብ ይከፍላል፤ የደሀ ደሀውን ወረዳውና ክልሉ ይከፍሉለታል፤ መንግሥትም ድጎማ ይጨምርበታል። ያን ጊዜ «ገበሬ ላልታመመበት በሽታ አስቀድሞ አይከፍልም» የተባለውን እናስታውሳለን። ከፈለ። ነገሩ ምን እንደሚመልስለት ሲያይ ከፈለ። ላልነደደ ቤት አይከፍልም የሚሉትም ሰዎች የሚናገሩት ያንኑ ነው።

ስለ ገንዘቡ ይህን ያህል ካልን፣ ስለ አስተዳደሩ የምንፈራው አንድ ነገር አለ፤ እሱም «ግብረ ኀይል» የሚባለው ነው። እሳት ከነደደ በኋላ ግብረ ኀይል ይቋቋማል። ሰብሳቢው የወረዳው አስተዳዳሪ፣ ጸሐፊው አንድ ጽሕፈት ቤት፣ አባላቱ አሥራ አንድ ጽሕፈት ቤቶች ይሆናሉ። ለተጎጂዎች ገንዘብ ይሰበሰባል፤ ሪፖርት ይጻፋል፤ ግብረ ኀይሉ ይበተናል። ሰብሳቢው ሲዛወር ሪፖርቱም አብሮ ይዛወራል። ግብረ ኀይል ትዝታ የለውምና የሚቀጥለውን እሳት እንደ መጀመሪያ እሳት ይቀበለዋል። እኛ የምንጠይቀው ቋሚ ነገር ነው፤ እጅግ ትንሽ ቢሆንም ቋሚ የሆነ። ለምዕራብ ደቡብ ወሎ ወረዳዎች አንድ የጋራ ጣቢያ በመካነ ሰላም፣ ሌላ በአቀስታ ቢቆም፤ በእያንዳንዱም ጥቂት ደመወዝተኞች ቢኖሩ፤ የእነሱም ዋና ሥራ እሳት እስኪነሣ መጠበቅ ሳይሆን የየቅሬውን ጎልማሶች ማሠልጠን፣ የጀርባ ውኃ መርጫና መሰላል በየጎጡ ማስቀመጥ፣ በጋ ሲመጣ የደንቆሮን ዳር ከፓርኩ ሠራተኞች ጋር መጠበቅ፣ በከተማ ደግሞ የትኛው መተላለፊያ እንደ ተዘጋ፣ የትኛው የመብራት ሽቦ እንደ ተላጠ እየዞሩ ማየት ቢሆን ተገቢ ነው። የሚያስተዳድረው ቦርድ ወረዳዎቹ፣ ከተሞቹ፣ ፓርኩና የቅሬ ዳኞች የሚቀመጡበት ይሁን። ገንዘቡ የሚመጣው ከማዘጋጃ ቤት ትራፊ ሳይሆን ለዚሁ ብቻ ተለይቶ ከክልሉ ከሚመደብ ድጎማና ከላይ ካልነው መዋጮና ዓረቦን ይሁን።

በዕርዳታ የሚመጣውን መኪናም አንጠላም። ይምጣ። ሰጪው ግን መኪናውን ሲያስረክብ ፎቶግራፍ ይነሣል፤ የሾፌሩን ደመወዝ፣ ነዳጁን፣ የሚቀደደውን ቱቦ፣ የሚበላሸውን ፓምፕ አያስረክብም። መኪና ዕዳ ይዞ የሚመጣ ስጦታ ነው። በዓመት የሚያስፈልገው የሥራ ማስኬጃ ሳይመደብለት የሚቀበለው ከተማ ከጥቂት ዓመት በኋላ በግቢው ውስጥ ዶሮ የሚያድርበት ቀይ ብረት ይኖረዋል። ደግሞም መኪና ያለ ውኃ ምንድን ነው? የሚይዘውን በደቂቃዎች ውስጥ ይረጨዋል፤ ከዚያ የሚሞላበት የውኃ መውጫ በገበያው ሠፈር ከሌለ ወደ ወንዝ ሲመላለስ ያነጋል። የከተማው ውኃ ቧንቧ ሲዘረጋ በየሠፈሩ አንድ የእሳት ማጥፊያ መውጫ መተው በዚያን ጊዜ ጥቂት ብር ነው፤ በኋላ አስፋልት ሰብሮ መቆፈር ግን ብዙ ብር ነው። ይህን የሚያዘው የውኃ አገልግሎቱ ነው ወይስ ማዘጋጃ ቤቱ? እንደ ገና ወደ ባለቤት ጥያቄ ተመለስን።

በተድባበ ማርያም ስላሉት ብራናዎች፣ በየሐሪማው ሣጥን ውስጥ ስላሉት ኪታቦችም ብዙ ማለት በተቻለ ነበር። እነዚህ ቢቃጠሉ በመዋጮ የማይተኩ፣ ምናልባትም ቅጂ የሌላቸው ናቸው። ለእያንዳንዱ የእጅ እሳት ማጥፊያና አጠቃቀሙን ያወቀ አንድ ዲያቆን ወይም ደረሳ ቢኖር ብዙ ነበር። ይህን ለባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤቶች እንተወዋለን፤ እነሱም ወደ ማን እንደሚመሩት እንመለከታለን።

የበጀት ዓመት የሚጀምረው ሐምሌ 1 ቀን ነው። የየወረዳው ረቂቅ ከዚያ በፊት በሚያዝያና በግንቦት ይሰናዳል፤ ይኸውም ደጋው በደረቀበት፣ ሣሩ በከሰለበት፣ የመጨረሻው ሩብ ዓመት ገንዘብ ባለቀበት ወራት መሆኑ ነው። ይህን የሚያነቡ የወረዳና የከተማ ሹማምንት ረቂቁ በእጃቸው ሲገባ ገጹን እየገለጡ «የእሳት አደጋ» የሚል መስመር በአርእስት ቁጥሩ እንዳለ ይፈልጉ። መስመሩ ከሌለ በዚያው ቀን ያስገቡት። ካለ ገንዘቡ ስንት እንደ ሆነ ይመልከቱ፤ ገንዘቡም ከተያዘ ዛሬ ሌሊት ተረኛው ማን እንደ ሆነ ስሙን ይጠይቁ።